ማታ ያነበብኩት ጠዋት የት ይሄዳል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 42 ነው። ጅማ፣ መንደራ አካባቢ ነው የምኖረው። ቀን መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአካውንቲንግ ዲግሪ ጀምሬያለሁ። ማታ ልጆች ሲተኙ ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነባለሁ። ቡና አለ፣ እውነቱን ለመናገር ጫትም አለ። ሳነብ ሁሉም ይገባኛል፣ ጠዋት ግን ባዶ ነኝ። ጭንቅላቴ አርጅቶ ነው? ለጤናም ለትምህርትም የሚጠቅም ቀለል ያለ የዕለት ልማድ ካለ ንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ «አንተ» ብዬ ብጠራህ እንዳትቀየመኝ፣ እኔም ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ሥራዬ ሥነ ልቦና ነው። እዚሁ ጅማ ውስጥ ሥራ ይዘው ከሚማሩ ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት ውያለሁ። ጥያቄህን በየሴሚስተሩ እሰማዋለሁ፣ ሰዉ ይቀያየራል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ሁሉም «አረጀሁ መሰለኝ» ብሎ ይጀምራል።

አላረጀህም። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ነገር ይቀንሳል። አእምሮ የሚሠራበት ፍጥነት ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የ20 ዓመት ልጅ ስልክ ቁጥር አንዴ ሰምቶ ሲደግም እኔና አንተ «እስቲ እንደገና» እንላለን። የቃላት እውቀትና ከኑሮ የሚገኘው ግንዛቤ ግን ሃምሳን አልፎም ያድጋል። አብረውህ የሚማሩት ልጆች ኢንቬንተሪ ምን እንደሆነ ከሃንድአውት ነው የሚያውቁት። አንተ ግን ካርዱ ላይ 40 የተባለው ጎማ ስቶር ውስጥ 37 ሆኖ ያገኘኸው፣ ላብ ያጠመቀህ ሰው ነህ። ይሄ ትልቅ ጉልበት ነው፣ ገና አልተጠቀምክበትም።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ስልክህን ስታነብ ክንድህን ዘርግተህ አርቀህ ነው የምትይዘው? ማታ ማታ ግንባርህን ያምሃል? ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የዓይን ሌንስ ይደርቅና ቅርብ ያለን ነገር ማየት ያስቸግራል። በሽታ አይደለም፣ ሁላችንም ጋ ይመጣል። ስንቱ ሰው ግን «ማንበብ ያደክመኛል፣ ትምህርት ለኔ አይሆንም» ብሎ ያቋረጠው በመነጽር እጦት ነው! ዓይንህን ተመርመርና ከማንኛውም ምክሬ በፊት እሱን ጨርስ።

አሁን «ሳነብ ሁሉም ይገባኛል» ያልከው ላይ ልቁም፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

ደጋግመን ያየነውን የምናውቀው ይመስለናል። በየቀኑ የምታልፍበት ሱቅ በሩ ላይ የተጻፈውን ሳታይ ንገረኝ ብልህ ትደናገራለህ። ስታየው ግን «አዎ፣ እሱ ነው» ትላለህ። ማታ የሚሆነው ይኸው ነው፣ ዓይንህ ገጹን ለምዶታል። ፈተና ላይ ደግሞ ገጹ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን አራቱንም ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ ወረቀቱን መለሰ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች የሚያስታውሰውን ከጭንቅላቱ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። የሚገርመው ደግሞ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ያነበቡት ነበሩ። ልክ እንዳንተ፣ ልክ እንደኔም።

ይሄ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ቁርኣን ቤት የገባ የጅማ ልጅ ሎህ ያውቃል። የዕለቱን ትምህርት እንጨቱ ላይ ይጽፋል፣ ይደጋግመዋል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ በቃሉ ይለዋል። ከያዘው ሎሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍበታል። ካልያዘው አይታጠብም! የቆሎ ተማሪም ቃል ትምህርቱን የሚያስኬደው መጽሐፍ ሳይገልጥ ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው ይሄንን የጣልነው፣ በቢጫ ማርከር ተካነው።

ስለ ማርከር ካነሳን አንድ ነገር ልናዘዝ። ማስተርሴን ስማር 39 ዓመቴ ነበር። መጽሐፉን እያሰመርኩ እያሰመርኩ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አደረግኩት፣ ያላሰመርኩት የገጽ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ትልቅ ፈተና ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ይዘን ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጥን። እኔ በምርቃና ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ጠዋት ደብተሩን ስከፍት ሦስት ገጽ ሙሉ አንዱን አንቀጽ ነው ደጋግሜ የጻፍኩት፣ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ፈተናው ላይ ያ አንቀጽ እንኳን አልመጣም። ኧረ ቢመጣም አላስታውሰውም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አንድ ንዑስ ርዕስ አንብብ፣ ከሁለትና ከሦስት ገጽ አይብለጥ። ደብተሩን ዝጋ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስከውን ጻፍ። መጻፍ ከሰለቸህ ተናገረው። ከዚያ ክፈትና የሳትከውን ብቻ እይ። መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፣ አልዋሽህም፤ «ምንም አልያዝኩም» ትላለህ። ለማስታወስ የምትታገልባት ደቂቃ ናት ግን ትምህርቱን የምታስቀረው። ሌላው ነገር፣ ጥያቄውን ከራስህ ሥራ አውጣው። ለምሳሌ የ3,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሸጥክ፤ የቱ ዴቢት ይሆናል፣ የቱ ክሬዲት? ተሰብሳቢ ሂሳብ (ገና ያልተከፈለህ ገንዘብ) ዴቢት፣ ሽያጭ ክሬዲት። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ከፈለህስ? ጥሬ ገንዘብ ዴቢት፣ ተሰብሳቢው ክሬዲት ሆኖ ይዘጋል። ይቺን ማታ ከመለስካት፣ ነገ ባጃጅ ውስጥ ራስህን ጠይቃት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገማት፣ ቅዳሜ ክላስ ከመግባትህ በፊት እንደገና። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመፋጠጥ አራት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ይሻላል። ኤቢንግሀውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ላይ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምሮች በራሱ ላይ ሞክሮ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደሚሄድ አሳይቷል። መርሳት የሁሉም ሰው ነው ለማለት ነው። ትርጉም ያለው ነገር፣ ያውም ከሥራህ ጋር የተያያዘ፣ የተሻለ ይቆያል፣ ግን እሱም ቢሆን ካልጎበኘኸው ይሄዳል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትናደድ። ሻማ ፍለጋም አትሩጥ። እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ቀን ያነበብከውን አስታውስ። የኔ ምርጥ የጥናት ሰዓት እሱ ሆኖ ነው ያረፈው።

ቀጥሎ እንቅልፍ።

ሌሊት 7 ሰዓት ታቆማለህ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳለህ ብለን እናስብ። 5 ሰዓት ነው፣ እሱም ቶሎ ከወሰደህ። በቡናና በጫት ላይ ቶሎ አይወስድህም፣ ስለዚህ 4 ሰዓት በለው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። እንቅልፍ ዕረፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይደክመኛል እንጂ ምን ችግር አለው» ልትለኝ ትችል ነበር። ነገር ግን አእምሮ ቀን የሰበሰበውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። አንተ ንብረት ክፍል ነህ አይደል? ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲገባ ዋለ እንበል። ማታ በሩ ተዘግቶ ዕቃው በየመደርደሪያው ካልገባ ነገ ምኑን ታገኛለህ? አንተ የምታደርገው ግን መደርደሪያው ጋ ያለውን ሠራተኛ አባርሮ እስከ ሌሊት ዕቃ ማራገፍ ነው። ይሄ ጉዳይ ከተጠና መቶ ዓመት አልፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አጥንተው ሲተኙ የሚረሱት፣ ነቅተው ከሚውሉበት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምሮበታል፣ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

ወደ ቡናው ልምጣ። ጅማ ቁጭ ብዬ ቡና ተው ብልህ ከከተማው ያስወጡኛል፣ ደግሞም አልልህም። ሰዓቱን ነው የምጣላው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከሰው ሰው ይለያያል። ማታ 2 ሰዓት ከጎረቤት ጋር አቦሉን ቶናውን ብትል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ውስጥህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ብዙ ካፌይን፣ 400 ሚሊግራም፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳን ሲወሰድ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የሚተረከውን የፍየሎቹን ተረት ታውቃለህ፣ የቡና ፍሬ በልተው የቦረቁትን። የሚቦርቅ ፍየል ደግሞ አይተኛም። ጠዋት ጠጣ፣ ከምሳ በኋላም ጠጣ፣ ከ9 ሰዓት ወዲህ ግን አብቃ። ማታ ቡና ተፈልቶ ከተጠራህ ሂድ፣ ተቀመጥ፣ ተጫወት፣ ቁርሱን ብላ፣ ስኒውን ብቻ እለፈው። ጨዋታው ራሱ ይጠቅምሃል። ሰው ሥራና ትምህርት ሲደራረብበት መጀመሪያ የሚቆርጠው ጎረቤትና ጓደኛ ነው፣ ከዚያ ለምን እንደከፋው ግራ ይገባዋል።

ጫቱስ? እዚህ ላይ ስብከት አልወድም። ስለነገርከን ራሱ አመሰግናለሁ፣ ብዙው ሰው ደብቆ ነው «ለምን አልተኛም» ብሎ የሚጠይቀው። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል፣ ትኩሱ የሚወደደውም ለዚሁ ነው። ስትቅም ትኩረት የሰጠህ ይመስልሃል፣ ለጥቂት ሰዓትም ይነቃቃል ሰው፣ አልክድም። ነገር ግን በምርቃና ፎቅ ይሠራል፣ ጠዋት መሠረቱም የለም። እንቅልፍህን ይወስዳል፣ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል፣ በማግስቱ ደግሞ ድብርቱና ሐራራው ይመጣና ለማባረር እንደገና ትቅማለህ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ካለበት ሌላ ነገር ነው፤ መጠጥ ቶሎ ያስተኛ እንጂ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይበጣጥሰዋል። የኔ ምክር፣ መጀመሪያ ጫትን ከጥናት ለያቸው። የጥናት ማታ ጫት የለም። በየቀኑ ለዓመታት ከቆየህበት ደግሞ ስታቆም ጥቂት ቀን ይደክምሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ በሕልምህ ዱካክ ሊጫወትብህ ይችላል። ስለዚህ የፈተና ሳምንት ላይ አትጀምረው። ብቻህን ካልቻልከው ሐኪም አማክር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሱስም የሕክምና ጉዳይ ነው፣ ማንም አይስቅብህም።

እንግዲህ ቀንህን ስናየው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ማታ ከ3 ሰዓት እስከ 3፡40 ታጠናለህ፣ እየዘጋህ እየጻፍክ። ስልክህ ሌላ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ቴሌግራም ጠዋትም አለ። 4፡30 ላይ ተኝተሃል። 11፡30 ትነሳለህ። ለሱብሂ የምትነሳ ከሆነ ሰዓቱ ራሱ ተዘጋጅቶልሃል፤ ካልሆነም ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። 20 ደቂቃ ትናንት ያነበብከውን ሳታይ ጻፍ። ከዚያ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ውጣ፣ የጠዋት ብርሃን ይንካህ። ዓይን ጠዋት ብርሃን ሲያይ ነው የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው፣ ማታ እንቅልፍ በጊዜ የሚመጣው።

«4 ሰዓት አንብቤ ያልያዝኩትን በ40 ደቂቃ?» ትለኝ ይሆናል። ደምረው እስቲ። የማታው 40፣ የጠዋቱ 20፣ ባጃጅ ውስጥ 10፣ በሻይ ሰዓት 5። ከሰዓት በላይ ሆነ፣ ያውም ሁሉም ነቅተህ ያደረግከው። ቅዳሜና እሁድ ክላሱ እንዳለቀ ሳትበታተኑ ከጓደኞችህ ጋር 15 ደቂቃ ቆማችሁ መምህሩ ያለውን ሳታዩ ብትነጋገሩበት ደግሞ የሳምንቱን ግማሽ ሥራ ሠራችሁ። ልጆችህንም አሳትፋቸው። ትልቅ ልጅ ካለህ ደብተሩን ስጠውና ይጠይቅህ። ልጅ አባቱን ከመፈተን የበለጠ የሚወደው ጨዋታ የለም፣ ስትሳሳት የሚስቀውን ሳቅ ታየዋለህ።

እግርህን አንቀሳቅስ። ጅረን ድረስ ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳመው አልልህም፣ ዳገቱን አውቀዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፣ በአምስት ቀን ብታካፍለው 30 ደቂቃ ሞቅ ያለ እርምጃ። ባጃጁን ሁለት ፌርማታ ቀደም ብለህ ውረድ፣ አዌቱ ወንዝን በእግርህ ተሻገር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት ሲራመዱ፣ ለትውስታ ዋና የሆነው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በ2 በመቶ ያህል ጨምሯል። በዚያ ዕድሜ የሚጠበቀው መቀነስ ነበር። ክረምት ሲሆንና የጅማ ዝናብ ሲለቀው እዚያው ቤት ውስጥ ተንጎራደድ፣ የዱቤዋን ጥያቄ እየመለስክ።

ምግብ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቁርስ ብላ፣ ውኃ ጠጣ፣ በቃ።

አንድ ላይ ሁሉንም እንዳትጀምር ግን። ሰው ሰኞ ጠዋት ሕይወቱን በሙሉ ይቀይርና ሐሙስ ላይ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ከአሥሩ ሦስቱ እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር ያዝ፣ ሁልጊዜ ከምታደርገው ነገር ጀርባ አስረው። «እራት በልቼ እጄን ስታጠብ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ» ዓይነት፣ ከዚህ አይበልጥም። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ ልማድ ራሱን በራሱ እስኪሄድ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝተዋል፣ አንዳንዱ 18 ቀን፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን እንደሚሆን ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ነገሩን እንደማያበላሸውም አይተዋል። ለቅሶ ይኖራል፣ ሠርግ ይኖራል፣ ልጅ ያማል። በማግስቱ ቀጥል።

ይህን ሁሉ አድርገህ በጊዜ እየተኛህ ከወር በኋላም ድካሙ ካልለቀቀህ ሐኪም ይይህ። በተለይ ባለቤትህ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ይቆማል» የምትልህ ከሆነ፣ ውኃ ጥም ከበዛብህ፣ ወይም ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ የማይልህ ከሆነ። እነዚህ በጥናት ዘዴ አይድኑም።

ለዛሬ ማታ አንዷን ብቻ ሞክር፤ ሁለት ገጽ አንብብ፣ ዝጋ፣ ጻፍ፣ ተኛ። ቅዳሜ ክላስ በር ላይ ቆመህ ስንቱን እንዳስታወስክ ቁጠርና ጻፍልኝ። መነጽሩን ግን ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ነገ ሂድ።